ለመለወጥ ሳይሆን ለማወቅ መክፈል

የወር መጨረሻ ነው። የሱቁ ኮምፒዩተር የዱቤ መዝገቡን፣ የመጋዘኑን ቀሪና የግብር ሂሳቡን እንደያዘ ድንገት ይጠፋል። ባለቤቱ ይደናገጣል፤ ልጁ ሮጦ ጠጋኝ ያመጣል። ጠጋኙ ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን እፍ ይልና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው “ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል” ይላል። ማዘርቦርድ ይገዛል፤ ማሽኑም ይነሣል። በሳምንቱ ግን ያው ይደገማል። አሁን ደግሞ “ሜሞሪው ነው” ይባላል፤ ሜሞሪም ይለወጣል። በሦስተኛው ጊዜ ሌላ ጠጋኝ ይመጣና ጥፋቱ ከሁለቱም ሳይሆን ኃይል ከሚሰጣቸው ከፓወር ሰፕላዩ እንደነበር በመለኪያ ያሳያል። ነጋዴው ለአንድ በሽታ ሦስት መድኃኒት ገዝቷል። የፈወሰው አንዱ ብቻ ነው። ከማሽኑ የወጡት ሁለቱ ደህና ዕቃዎች የት እንደገቡ ግን የጠየቀ የለም።

ይህ የአንድ ሱቅ ታሪክ አይደለም። ኮምፒዩተር ባለበት የንግድ ሰፈር ሁሉ የሚሰማ እሮሮ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በጠጋኙ ላይ ይላከካል፤ “ሌባ ነው” ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ ግን ከሌብነት በላይ ነው። ገበያው የሚከፍለው ዕቃ ለሚለውጥ እንጂ በሽታውን ለሚያገኝ አይደለም። ያልተከፈለበት ሥራ ደግሞ አይሠራም። ነጋዴው ለምርመራ ዋጋ መስጠት እስካልጀመረ ድረስ ግምትን በዕቃ ዋጋ መግዛቱ አይቀርም።

የ475 ሚሊዮን ዶላሩ ትምህርት

ምርመራ ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሊንችበርግ ኮሌጅ የሂሳብ መምህር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ ረጅም ስሌት በበርካታ ኮምፒዩተሮች ያሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1994 ያን ጊዜ አዲስ የነበረው የኢንቴል ፔንቲየም የተገጠመለት ማሽን ጨመሩ። በጁን ወር ውጤቶቹ እርስ በርስ እንደማይገጥሙ አስተዋሉ።

ሰውየው “ማሽኑ ተበላሽቷል” ብለው አልጮኹም። የራሳቸውን ፕሮግራም መረመሩ። ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠውን ሶፍትዌር መረመሩ። ጥፋቱ የማዘርቦርድ እንዳይሆን ስሌቱ በተለያዩ ኩባንያዎች በተገጣጠሙ የፔንቲየም ማሽኖች ላይ ተሞከረ፤ ስህተቱ በሁሉም ታየ። በቀደሙት 486 ማሽኖች ሲሞከር ግን አልታየም። በፔንቲየሙ ውስጥ የነጥብ ቁጥሮችን ሂሳብ የሚሠራው ክፍል እንዲዘጋ ሲደረግም ስህተቱ ጠፋ። ሌላው ሁሉ ነጻ ወጥቶ ተጠርጣሪው አንድ ብቻ ቀረ። ናይስሊ እርግጠኛ የሆኑት በኦክቶበር ወር፣ ማለትም ከአራት ወር በኋላ ነው።

እንዳሉትም ሆነ። ለማካፈል የሚያገለግለው የውስጥ ሰንጠረዥ አምስት ቁጥሮች ሳይሞሉለት ተመርቶ ኖሯል። በዚህ የተነሣ 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.3338 መምጣት ሲገባው ማሽኑ 1.3337 ይል ነበር። ኢንቴል ስህተቱን በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ አውቆታል፤ ለገዢው ግን አልተናገረም። ወሬው ሲወጣም ተራ ተጠቃሚ ይህ የሚገጥመው በ27,000 ዓመት አንድ ጊዜ ነው ሲል ተከራከረ። አይቢኤም በበኩሉ የሂሳብ ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው በ24 ቀን አንዴ ሊገጥመው ይችላል ብሎ በዲሴምበር 1994 ፔንቲየም ያለባቸውን ማሽኖች መላክ አቆመ። ኢንቴል ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ለፈለገ ሁሉ በነጻ እለውጣለሁ አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1995 ለዚህ ጉዳይ የመዘገበው ወጪ 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው ሁለት ነገር ያተርፋል። አንደኛው፣ ምርመራ ማለት መገመት ሳይሆን ማጥራት ነው፤ ተጠርጣሪዎችን አንድ በአንድ ነጻ እያወጡ መሄድ ነው። ሁለተኛው፣ ጥፋቱን አውቆ ዝም ያለ ወገን በመጨረሻ አብዝቶ ይከፍላል። ይህ ለአሜሪካው ፋብሪካ እንደሠራ ሁሉ፣ ያገለገለ ኮምፒዩተር “እንከን የለውም” ብሎ ለሚያሻሽጥ ደላላም ይሠራል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

የሱቅ ኮምፒዩተር ለመመርመር አራት ወር አያስፈልግም። ሥርዓት ግን ያስፈልገዋል። ሥርዓቱን ነጋዴው ራሱ ባይሠራውም ሊያውቀው ይገባል። የማያውቀውን ሥራ መቆጣጠር አይችልምና።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው መዝገቡ ነው። ማሽን ይገዛል፤ የሁለት ዓመት የዱቤ መዝገብ ግን በየትኛውም ገበያ አይሸጥም። ስለዚህ ዲስኩ ተነቅሎ በሌላ ማሽን ይነበባል፤ መዝገቡም ይገለበጣል፤ ሌላው ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ሳይመረምር “ፎርማት እናድርገው” የሚል ጠጋኝ ቤቱ ሲቃጠል ሰነዱን ትቶ በሩን ቀለም ሊቀባ እንደሚነሣ ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። ችግሩ መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ? መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር? ማሽኑ የሚጠፋው እንደተነሣ ነው ወይስ ከሠራ በኋላ? ጥሩ ሐኪም መርፌውን ከማንሣቱ በፊት እንደሚጠይቅ ሁሉ ጥሩ ጠጋኝም ይጠይቃል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ማሽን ሙቀትን ወይም የኃይል ክፍሉን ያስጠረጥራል። ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አዲስ ማዘርቦርድ ሳይሆን የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ያለ ወጥ ሰበብ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ፕሮግራም የሚደነቅፍ ከሆነ ሜሞሪው ይጠረጠራል። ፋይል ለመክፈት የሚያዘግምና ቋ ቋ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ነው።

ሦስተኛው ኃይል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት፣ ማከፋፈያውና ገመዱ በሌላ ይሞከራሉ። ከዚያም የፓወር ሰፕላዩ መውጫ በመለኪያ ይታያል። 12 ቮልት ተብሎ የተጻፈው መስመር ከ11.4 እስከ 12.6፣ 5 ቮልት የተባለውም ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ መገኘት አለበት። ከዚህ ከወረደ ወይም ከወጣ ሌላ ዕቃ መለወጥ በተሰበረ እንሥራ ውሃ መቅዳት ነው። መለኪያው ደህና ቢልም ሥራ ሲበዛበት የሚወድቅ ፓወር ሰፕላይ ስላለ፣ ደህንነቱ በተረጋገጠ ሌላ ተተክቶ ይሞከራል። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ከፍቶ ውስጡን መነካካት ግን የባለ ሱቁ ሥራ አይደለም። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኃይል ውስጡ ይቆያል።

አራተኛው ሙቀትና አቧራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያ በእያንዳንዱ ዙር የሚያሳልፈው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ የመንገድ አቧራ ሲደረብበት ማቀዝቀዣው ይታፈናል። ስለዚህ ማጽዳትና የማራገቢያውን መዞር ማየት ከማንኛውም ግዢ ይቀድማል።

አምስተኛው ዓይን ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ቆመው የሚታዩት ትንንሽ ሲሊንደሮች፣ ካፓሲተር የሚባሉት፣ ጫፋቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ፈሳሽ የተፋ ካለ ምስክር አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጉድለት ያለባቸው ካፓሲተሮች በብዙ ኩባንያዎች ማሽኖች ውስጥ ገብተው ነበር። ዴል ኩባንያ በ2005 በዚህ ምክንያት 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ለመመዝገብ ተገዷል። ሳንቲም የማያወጣ ዕቃ ስንት ቤት እንደሚያናጋ ከዚህ ይታያል።

በመጨረሻ ማሽኑ ይራቆታል። አንጎሉ፣ አንድ ሜሞሪና ስክሪኑ ብቻ ቀርተው ይነሣል። ከተነሣ የቀሩት ዕቃዎች አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ሲመለስ ማሽኑን የጣለው ዕቃ ሌባው ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢነሣለትም የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሜሞሪውም በግምት አይፈረድበትም። ነቅሎ፣ አጽድቶ መልሶ መሰካት ብቻውን የሚያድንበት ጊዜ አለ። ካልዳነ እንደ ሜምቴስት 86 ባለ ፕሮግራም ለሰዓታት ይፈተናል። ጥፋቱ የሶፍትዌር ይሁን የዕቃ ካልለየ ደግሞ ማሽኑ በፍላሽ ላይ ካለ ሌላ ሲስተም ይነሣል፤ በዚያ በደህና ከሠራ ሜሞሪና ማዘርቦርድ ለመግዛት መሮጥ አያስፈልግም፤ ጥርጣሬው ወደ ሶፍትዌሩና ወደ ዲስኩ ይዞራል።

ዲስክ ዝም ሲል

ከሁሉ የሚከፋው የዲስክ ሞት ነው፤ ሌላው ዕቃ ሲሞት ብቻውን ሲሆን ዲስክ ግን መዝገቡን ይዞ ነው የሚሄደው። በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል ባለሙያዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት ለነጋዴ ጠቃሚ የሆኑ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤና የሚይዙት የውስጥ መዝገብ አለ፤ ስማርት ይባላል። ገጹን ሲያስስ የመጀመሪያውን የንባብ ስህተት ያሳየ ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስህተት ካላሳየው 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ከሚባሉት አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ ነው የሄዱት።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዲስክ “አመመኝ” ሲል ያለ ጥርጥር ይታመን፤ “ደህና ነኝ” ሲል ግን አይታመን። ስለሆነም ማስጠንቀቂያ የሰጠ ዲስክ በዚያው ቀን ይገለበጣል። ማስጠንቀቂያ ላልሰጠው ደግሞ ግልባጩ በየዕለቱ፣ ከሱቁ ውጭ በሚያድር ሌላ ዕቃ ላይ መቀመጥ አለበት። ዛሬ በብዙ ማሽኖች የሚገጠመው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ከመሞቱ በፊት ድምፅ እንኳ አያሰማም። ግልባጭ ሳይዙ ከሞተ ዲስክ መዝገብ ለማውጣት ባለሙያ ፍለጋ መዞር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ገበያው ለምን አያቀርበውም?

ሥርዓቱ ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ለምን አይሠራበትም? መልሱ ያለው በሒሳቡ ላይ ነው። ደንበኛው ሁለት ሰዓት ተመርምሮ “ገመዱ ላልቶ ነው፤ አጥብቄዋለሁ” ላለው ጠጋኝ መክፈል ይከብደዋል። “ምን ሠራህና!” ይላል። በአምስት ደቂቃ አዲስ ዕቃ ለሰካው ግን ያለ ቅሬታ ይከፍላል፤ ዕቃው በእጅ የሚጨበጥ ነውና። እንግዲህ ሐቀኛው ሁለት ሰዓት ደክሞ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ገማቹ ከዕቃው ላይ አትርፎ ይሄዳል። ይህ ዳኝነት ዓመት ሙሉ ሲደጋገም ሐቀኛውም ገማች ይሆናል፤ ካልሆነም ሥራውን ይለቃል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ ይህን ዓይነት ገበያ እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፉት ጽሑፍ ገልጸውታል፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነውበታል። ምሳሌያቸው ያገለገለ መኪና ነበር። አሜሪካኖች ከተገዛ በኋላ ጉዱ የሚወጣ መኪናን “ሎሚ” ይሉታል። ገዢው ደህናውን ከሎሚው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ የደህናው መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ ገበያው ለሎሚ ይቀራል። ኮምፒዩተር ጥገናም ያገለገለ ኮምፒዩተር ንግድም ከዚህ አይለዩም። ምርመራ የሌለበት ገበያ ደህናውን ዕቃና ደህናውን ባለሙያ አብሮ ያባርራል።

ተቃራኒ አስተያየት የሚያቀርቡ አሉ። “ሱቅ ተዘግቶ ምርመራ አይጠበቅም፤ ዕቃ ለውጦ መክፈት ይሻላል” ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የተዘጋ ሱቅ ያከስራል። ነገር ግን ያለ ምርመራ የተለወጠ ዕቃ ሱቁን በሳምንቱ መልሶ ይዘጋዋል። ጠጋኞችም “መለወጥ ራሱ መመርመሪያ ነው” ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ። የሚተካው ዕቃ ደህንነቱ አስቀድሞ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ለውጡ ችግሩን ካልፈታ ደግሞ የቀድሞው ዕቃ ወደ ቦታው፣ የሙከራውም ወደ ጠጋኙ ሣጥን ይመለሳል። ለሙከራ የተሰካ ዕቃ እንደተሸጠ ሊቆጠር አይገባም። ሦስተኛው አስተያየት፣ አሮጌ ማሽን ከምርመራው ዋጋ በታች ሊያወጣ ይችላል የሚለው ነው። ለዚህ መፍትሔው ጣሪያ ማስቀመጥ ነው። “ከዚህ ገንዘብ በላይ የሚሄድ ከሆነ አቁምና ንገረኝ፤ መዝገቡን ብቻ አውጣልኝ” ማለት ይቻላል።

ምን ይደረግ?

አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። ነጋዴው ከዛሬ ጀምሮ አራት ነገር ሊጠይቅ ይችላል።

አንደኛ፣ የምርመራ ዋጋ ከዕቃና ከጥገና ዋጋ ተለይቶ ይነገር፤ ዕቃ ተለወጠም አልተለወጠም ይከፈል። ይህ ዋጋ ከሚለወጠው ዕቃ ዋጋ አንድ አስረኛ ቢሆን እንኳ፣ ከአሥር ግዢ አንዱን ያስቀረ ምርመራ ራሱን ችሏል። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በግማሽ ገጽ ወረቀት ይሰጥ፦ የታየው ምልክት፣ የተሞከረው፣ ነጻ የወጣው፣ የተገኘው። በቃል የተነገረ ግምት ነገ ይካዳል፤ በወረቀት የሰፈረ ግን ጠጋኙንም ደንበኛውንም ያስተምራል፤ ቀጣዩ ጠጋኝም ሥራውን ከዜሮ አይጀምርም። ሦስተኛ፣ የተነቀለው ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ይመለስ። ተበላሽቷል የተባለው ዕቃ በነጋዴው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥና ሌላ ባለሙያ ሊያየው እንደሚችል የሚያውቅ ጠጋኝ ከመናገሩ በፊት ሁለቴ ያስባል። አራተኛ፣ ከመዝገቡ ግልባጭ በፊት መፍቻ አይነሣ።

ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሚያገናኙ ደላሎች ደግሞ ዕድሉ ከሁሉ የሰፋ ነው። የሜሞሪ ፈተናውን፣ የዲስኩን የጤና መዝገብና የፓወር ሰፕላዩን ልኬት የያዘ ወረቀት ከማሽኑ ጋር የሚያቀርብ ደላላ ከጎኑ ካለው ይልቅ ከፍ ያለ ዋጋ መጥራት ይችላል፤ ገዢው የሚከፍለው ለማሽኑ ብቻ ሳይሆን ለእርግጠኝነቱም ነውና። ደህናውን ከሎሚው የለየ ሰው ትርፉ የሚመጣው ከዚያ መለየት ነው።

ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ያያል፤ ቡና ሲገዛ ያሸታል፤ ወርቅ ሲገዛ በድንጋይ ይፍቃል። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለውን ከአባቱ ሰምቶ አድጓል። የሱቁን ሂሳብ በሙሉ የያዘውን ማሽን ግን በሁለት ደቂቃ ቃል ያስፈርዳል። ያቺኑ የጆንያ እፍኝ ከኮምፒዩተሩ ላይም ዘግኖ ማየት ከጀመረ ገበያው ይከተለዋል። መርማሪ ጠጋኝ እንጀራ ያገኛል፤ ገማቹም ወይ ይማራል ወይ ቦታውን ይለቃል።